ግማሹ የሷ፣ ግማሹ የሱ

ነጯ ራቭፎር የጋሽ ሶሬሳ ጋራዥ በር ላይ ስትቆም ሥርጉት በእጇ የያዘችውን የጌሾ ውሃ ልትደፋው ምንም አልቀራትም። መኪናዋን ታውቃታለች። ሳሪስ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ፊት ለፊት ሁልጊዜ የምትቆመዋ ናት። ከመኪናዋ የወረዱትም የመደብሩ ባለቤት፣ የምትወደው የብሩህ እናት ወይዘሮ ብዙወርቅ ነበሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዘይት የጠገበውን መሬት እየመረጡ በመርገጥ ወደ ውስጥ ገቡ።

«እሳቸውን ደግሞ ማን ጠራቸው?» አለች ሥርጉት በሹክሹክታ።

«ልጃቸው ነዋ» አለች ሀኪማ ሌላ ባልዲ እያለቀለቀች። «ዛሬ የሚታጠበውን ፊልም አብረውን እንዲያዩ ነው። ሽማግሌ ልልክ ነው ብሏቸዋል አሉ። እሳቸው አይሆንም አሉ፤ እሱ ደግሞ መጀመሪያ እያት፣ ከዚያ ፍረጂ ብሎ ለመነ። ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ሥርጉት የጌሾውን ባልዲ መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ዛሬ በሚታጠበው ፊልም ግማሽ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቃሊቲ ውስጥ፣ ከከባድ መኪና ጋራዥ ጓሮ፣ ስድስት ሰዎች እሑድ እሑድ ተሰብስበው በእጃቸው ፊልም ይሠራሉ ቢባል ማን ያምናል? ግን ይሠራሉ። ራሳቸውን የስምንት ማኅበር ብለው ይጠራሉ፤ የፊልማቸው ስፋት ስምንት ሚሊሜትር፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ስለሆነች ነው። ጋሽ ሶሬሳ ቀን የከባድ መኪና ሞተር ሲያወርድ ይውልና ማታ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዙ አሮጌ ካሜራዎችን ይጠግናል። የፕሮጀክተሩ አምፖል የተቃጠለ ጊዜ የባጃጅ የፊት መብራት ገጥሞ አስነስቶታል። ሀኪማ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጌሾ ቀቅላ፣ ከልብስ ሶዳና ከቫይታሚን ሲ ጋር አዋህዳ የፊልም ማጠቢያውን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ሲቀልዱባት «ጠላውን እናንተ ጠጡት፣ ጌሾውን ለኔ ተዉልኝ» ትላቸዋለች። በስልክ መቅረጽ እያለ ይሄ ሁሉ ድካም ለምኑ ነው ለሚላቸው ሰው ትከሻቸውን ነቅንቀው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ፊልሙ ግን ብርቅ ነው። ያላቸው አንድ ፎቶ ቤት ሲዘጋ ያገኙት፣ ዘመኑ ያለፈበት ጥቂት ጥቅል ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ዕቁብ በዕጣ ይወጣል፤ አንድ ጥቅል ለሁለት ሰው። ፊልሙ ካሜራ ውስጥ የሚገባው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ሰው በአንዱ ጎን ሁለት ደቂቃ ያህል ይቀርጻል፣ ጥቅሉ ይገለበጥና ሌላው በሌላው ጎን ይቀርጻል። ከታጠበ በኋላ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ ሁለቱ ግማሾች ጫፍና ጫፋቸው ተቀጥሎ ይታያል። እስከዚያች ሰዓት አንዱ የሌላውን አያይም። ደንቡም ጥብቅ ነው፤ ጥቅሉን የተካፈሉት ሁለቱ ራሳቸው ጨለማ ክፍል ገብተው ያጥቡታል፣ ሦስተኛ ሰው አይገባም። ፊልሙ ቢበላሽ አንዱ ሌላውን እንዳይከስ ነው።

ሥርጉትንና ብሩህን ዕጣ ያጣመራቸው የዛሬ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ዕጣው ሲለያያቸው ሌላውን እየለመኑ ይቀያየራሉ፣ ማኅበሩም እያወቀ እንዳላወቀ ያልፋቸዋል። እሷ ቱሉ ዲምቱ ካለ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። እሱ የእናቱን መደብር ያስተዳድራል። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበረው? የሥርጉት እናት አሰጋሽ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወይዘሮ ብዙወርቅን ቤት ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ሥርጉት ልጅ ሳለች የዚያን ቤት በር የምታውቀው ከጓሮ በኩል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ብሩህ አዲሱን ጥቅል ሲሰጣት ቆርቆሮው ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አገኘች። «ሽማግሌ ልላክ ወይ? መልስሽን በአፍሽ አትንገሪኝ። በግማሽሽ ቅረጪልኝና አብረን እንየው» ይላል። ሦስት ቀን መሬት አልረገጠችም ማለት ይቻላል። ልጆቹን ፊደል ስታስቆጥር እንኳ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሳሪስ ላይ አገኘችው። ከእናቱ ጋር ከመደብሩ እየወጣ ነው። ዓይን ለዓይን ገጠሙ። ስሙን ልትጠራ አፏን ስትከፍት እሱ ዓይኑን ሰበረ፣ ስልኩን እንደሚያይ ሰው አቀረቀረ፣ ክንዷን ሊነካት ጥቂት ሲቀረው አልፏት ሄደ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ ካሜራም ባያውሱት ጥሩ ነበር። ሥርጉት በማግስቱ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አቆመች። ሰሌዳው ላይ በነጭ ጠመኔ «አይሆንም» ብላ በትልቁ ጻፈችና ፊቷን አኮሳትራ ከጎኑ ቆመች። የካሜራው ስፕሪንግ በየግማሽ ደቂቃው ያልቃል። አራት ጊዜ ሄዳ ጠመዘዘችው። አራት ጊዜ መተው ትችል ነበር፤ አልተወችም። ጥቅሉን በሀኪማ እጅ ላከችለት።

ቁጣው በሳምንቱ በረደ። ፍቅሩ ነው አልበርድ ያለው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ካሜራ ውስጥ የገባስ እያለች ስንት ሌሊት ተገላበጠች። ዛሬ ደግሞ ይኸው እናቱ መጥተዋል። ያንን ሰሌዳ ካዩ ነገሩ አበቃለት። ልጅቷ ራሷ እምቢ ካለች እኔ ምን አለፋኝ ብለው ይገላገላሉ፤ ብሩህም በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ሁለተኛ የሚጠይቃትም አይመስላትም።

ብሩህ ከእናቱ ኋላ ገባ። ከስቷል። እሷን ሲያይ ሊናገር ከንፈሩን ከፈተና እናቱን ዘወር ብሎ አይቶ መልሶ ገጠመው። አጠገቧ ሲደርስ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግባ?» አላት። ስሟን እንኳ አልጠራም።

ጨለማ ክፍሉ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን የነበረ ነው። መስኮት የለውም፤ የበሩ ስንጥቅ በብርድ ልብስ ተደፍኗል። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው። ሀኪማ ከውጭ ሆና በየአምስት ደቂቃው የቆርቆሮውን በር በማንኪያ ትመታለች፤ አራተኛው ሳይመታ በሩ ከተከፈተ ብርሃን ነክቶት ፊልሙ ይቃጠላል። ሥርጉት በሩን ዘግታ ቀረቀረችው። የገዛ እጇን እንኳ ማየት አልቻለችም።

ብሩህ ፊልሙን ከጥቅሉ ፈትቶ ባልዲው ውስጥ ሲለቀው ሰማችው። ሁለቱም እጃቸውን ከትተው ማገላበጥ ጀመሩ። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ፊልሙ በጣቶቿ መሐል ይሾልካል፤ አንዳንዴ ፊልም መስሏት የምትይዘው የሱ ጣት ይሆንባታል። የመጀመሪያው የማንኪያ ድምፅ በሩ ላይ ሲያርፍ ሥርጉት ደነገጠች።

«የሳሪሱን ነገር...» አለ ብሩህ።

«ተወው።»

«ፈርቼ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ምክንያት ስፈልግ ነበር። ስልክ ተደውሎልኝ ነው ልልሽ አሰብኩ። አላየሁሽም ልልሽ አሰብኩ። ግን አይቼሻለሁ። ቢጫ ሹራብ ነበር የለበስሽው።»

ሥርጉት ለውሸቱ የሚሆን መልስ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ለእውነቱ አልተዘጋጀችም። ፊልሙን ማገላበጥ ቀጠለች።

«በኔ ግማሽ ምን እንዳለ ልንገርሽ?» አለ።

«ደንቡ አይፈቅድም።»

«ዛሬ ደንቡን እንተወው። እማዬን ነው የቀረጽኳት። ሳሎን አስቀምጬ፣ ካሜራውን ፊት ለፊቷ አቁሜ፣ ስላንቺ ነገርኳት። ስንት ጊዜያችን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ሁሉንም። ስምሽን እቤታችን ውስጥ ስጠራ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም። ፊልሙ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ካሜራው ሲቆም አይሆንም ብላኝ ተነስታ ወጣች። እኔ ደግሞ ዓይኔን ካሜራው ላይ ተክዬ ስፕሪንግ ስጠመዝዝ ፊቷን በደንብ እንኳ አላየሁትም። ለምኜ ለምኜ ትናንት ነው ልምጣ ያለችኝ።»

ሁለተኛው ምት መጣ። ሥርጉት ዝም ብትል አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከግድግዳ ላይ ያነበዋል፣ ያውም እናቱ አጠገብ ተቀምጦ። ከሷ አፍ መስማት ይሻለዋል።

«የኔ ግማሽ አይሆንም ነው የሚለው» አለች።

የብሩህ እጅ ባልዲው ውስጥ ቆመ።

«ማገላበጡን አታቁም፣ ፊልሙ ይዥጎረጎራል» አለችው። ለምን ይህን እንዳለች ለራሷም ገረማት።

እጁ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ከልብሽ ነው?»

«ያን ቀን ከልቤ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ እናትህ ውጭ ተቀምጠው እየጠበቁን ነው። የዛሬ መልሴ ፊልሙ ላይ የለም፤ ለማን ይታያል?»

ትንፋሹን ትሰማዋለች። ፊቱን ባየው ብላ ተመኘች፣ ወዲያው ደግሞ ጨለማ በመሆኑ ተመስገን አለች።

«መቀርቀሪያው በአንቺ በኩል ነው» አለ በመጨረሻ። «ፊልሙ ገና ነው። አሁን ብትከፍችው ባንድ አፍታ ያልቅለታል። ተበላሸ እንላለን። ስንቱ ተበላሽቶብን የለ? እማዬም ምንም ሳታይ ትሄዳለች፤ እኛም ሌላ ቀን እንነጋገራለን።»

ሥርጉት ቀኝ እጇን ከውሃው አወጣች። በጨለማው ውስጥ ዳብሳ መቀርቀሪያውን አገኘችው። ቀዝቃዛ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ይህን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የነሳት ነገር ከዚያ በኋላ አልነበረም ማለት ነው። ጣቷን አጠፈችበት።

ነገር ግን ፊልሙ አንድ ነው። የሷን እምቢታ ከሱ ድፍረት የሚለየው ምላጭ ገና አላረፈበትም። የሷ ከተቃጠለ የሱም ይቃጠላል፤ ያ ፈሪ ሰው ፍርሃቱን ውጦ በእናቱ ፊት ስሟን የጠራበት ሁለት ደቂቃ። ዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የለውም። ድምፅ የለውም፣ እሺ፣ አይሰማም። ቢሆንም አለ።

እዚያው እንደቆመች ሦስተኛው ምት ከመዳፏ ሥር በሩን አንቀጠቀጠው። እጇን ወደ ባልዲው መለሰች።

«ይታጠብ» አለች። «እኔ ያልኩትን ብያለሁ። ያንተን አላቃጥልም።»

ብሩህ ውሃው ውስጥ እጇን ፈልጎ ያዘና ሳይለቃት ፊልሙን ማገላበጥ ቀጠለ። ሥርጉት ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ፊልሙ በገመድ ላይ ተሰቅሎ በፀጉር ማድረቂያ ደረቀ። ጋሽ ሶሬሳ ሁለት ምላጭ ባሰረበት መሣሪያው መሐሉን ሰንጥቆ፣ ቀጥሎ፣ ፕሮጀክተሩ ላይ ጫነው። የጋራዡ በር ተዘጋ፤ ቀዳዳው ሁሉ በሸራ ተሸፈነ። ወይዘሮ ብዙወርቅ ከአይሱዙ ተነቅሎ የቀረ ወንበር ላይ ፎጣ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ብሩህ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆመ። ሥርጉት ግድግዳው ጥግ ሄዳ ተለጠፈች።

«በጌሾ የታጠበ ፊልም እንደተገለበጠ ነው የሚታየው» አለ ጋሽ ሶሬሳ ለእንግዳዋ። «ጥቁሩ ነጭ ይሆናል፣ ነጩ ጥቁር። ግር እንዳይልዎ።»

መብራቱ ኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ አረፈ። ነጭ ሰሌዳ፣ ጥቁር ፊደል፣ አጠገቡ ፊቷ የነጣ ልጅ። ሀኪማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሥርጉት ግድግዳውን አላየችም፤ የምታየው ወይዘሮ ብዙወርቅን ነው።

«ፊደሉ ተዥጎርጉሮብኛል» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ ወደፊት አዘንብለው። «ምንድነው የሚለው?»

ማን ያንብብላቸው? ጋሽ ሶሬሳ የፕሮጀክተሩን ቡሎን የሚያጠብቅ መሰለ። ብሩህ ጉሮሮውን ጠረገና ቀረ። ፕሮጀክተሩ ብቻ ይንጣጣል።

«አይሆንም ነው የሚለው፣ እትዬ» አለች ሥርጉት ከጥጓ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ልጅዎ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነው።»

እፎይ ይላሉ ብላ ጠበቀች። ወይዘሮ ብዙወርቅ ግን ቀና አሉ። የእናት ነገር አይገባም፤ ጉዳዩን እምቢ ሲሉ የሰነበቱት ራሳቸው አይደሉም እንዴ? «ልጄን?» አሉ ፊታቸው ተለውጦ። «ምን ጎድሎት?»

ሥርጉት ሳትመልስ የሷ ግማሽ አለቀ። ግድግዳው ለአፍታ ነጣና የወይዘሮ ብዙወርቅ ፊት ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ነጠላቸው ጠቁሯል፣ ፀጉራቸው በረዶ የወረደበት መስሏል። መጀመሪያ ፈገግ ብለዋል፤ ልጃቸው በካሜራ ሲጫወት የሚያዩ ይመስላል። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። መንጋጋቸው ጠነከረ። ስሟ የተጠራው ይሄኔ ይሆን አለች ሥርጉት በልቧ። በመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ላይ ግን ግድግዳ ላይ ያሉት ሴት ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። ብሩህ ይህን አልነገራትም ነበር። ቀና ብላ ስታየው እሱም ገና አሁን ማየቱ ነው።

ፊልሙ አልቆ ጫፉ ጥቅሉ ላይ መማታት ጀመረ። ጋሽ ሶሬሳ ሞተሩን አጠፋ፤ መብራቱን ግን ተወው።

«እናቴን መሰልኩ» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ ለማንም ሳይሆን። «ከጥጥ ፋብሪካው ስትመለስ ፀጉሯ እንዲህ ነበር፣ ብናኙ ሞልቶት። አንዳንድ ቀን በትምህርት ቤታችን በር በኩል ታልፋለች። ከጓደኞቼ ጋር ከሆንኩ ዝም ብዬ አልፋታለሁ። የማላውቃት መስዬ። እሷም ገብቷት አትጠራኝም ነበር።»

ብሩህ መሬት መሬቱን ያያል።

ወይዘሮ ብዙወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ጥጉ ዞሩ። «ነይ እስቲ። የአሰጋሽ ልጅ ነሽ አይደል? ለምን እንዲያ እንዳልሽው ንገሪኝ።»

ሥርጉት መጣች። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ተኩል ሳሪስ ላይ፣ እርስዎ አብረውት ነበሩ። አይቶኝ አልፎኝ ሄደ። ለሱ ነው።»

«እውነቷን ነው?» አሉ ልጃቸውን።

«እውነቷን ነው፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ መልሰው ወደ ሥርጉት ሲዞሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔ ገና አልወሰንኩም፣ አልዋሽሽም። ግን ካንቺ አፍ ልስማ። ዛሬስ ምን ትያለሽ?»

እሺ ማለት አንድ ቃል ነው። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሥርጉት ግን አልለቀቀችውም፤ ያኔ ሰሌዳው ፊት እንዳደረገችው በቁጣ አልነበረም፣ እንዲያውም እንባዋ እየመጣ ነው። «እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት እሱ ይጥራኝ» አለች። «በስሜ። እርስዎ እየሰሙ።»

ሁሉም ብሩህን አየ። አምስት ሜትር አይሞላም መሐላቸው ያለው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። እናቱን አየ። እናቱ ፊታቸው ላይ እሺም እምቢም አልነበረም። ሥርጉት አሁንም አልፎኝ ሊሄድ ነው አለች በልቧ፤ እጆቿን ጨበጠች።

«ሥርጉት» አለ ብሩህ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

«ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው?» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። «ጮክ በል።»

ቀና አለ። በእናቱ ፊት፣ በማኅበሩ ፊት፣ ዓይኗን እያየ፣ ከጋራዡ ውጭ አስፋልቱ ላይ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ስሟን ጠራ።

የሥርጉት እንባ ቀደማት። ድምፅዋ ተሰባብሮ፣ «አቤት» አለችው።